ለተከሳሽ ጠበቃ ሆነህ መልስ

ሰኔ ነው፤ ጅማ ነው፤ ዝናቡ አላባራም፣
የንባብ ክፍሉ ጣራ ሰው ከሰው አያሰማም።
መብራቱ ከሄደ ሰዓቱን ማን ያውቀው፣
በሙዘይን ስልክ ነው ገጹን የምናየው።
ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፈተና፣
ከውል ውጭ ኃላፊነት፤ ስሙ ራሱ ገና
ሲጠሩት ይከብዳል።

ያለፈ ዓመት ጥያቄ አንድ ገጽ አገኘን፣
ፈትያ ከሲኒየር ለምና አመጣችልን፦

«አቶ ሀ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ክዳን አልከደነም።
አቶ ለ በማታ ሲያልፍ መብራት አልያዘም።
እግሩ ተሰበረ። ካሳ ፈልጎ ክስ
መሠረተ። አንተ፣ ለሀ ጠበቃ ሆነህ መልስ።»
አሥራ አምስት ነጥብ።

ቀላል ነው አለች ፈትያ፣ እርሳሷን እያኘከች፣
ጣቷን እያጠፈች ቆጠራ ጀመረች፦
«ጥፋት የለም በል፤ ይህ አንድ። ሁለተኛው፣
ጉዳቱን ያመጣው ሌላ ነው። ሦስተኛው፣
ተጎጂው ራሱ! ሁለት ሺህ ዘጠና ስምንት።
ድርሻውን አስላና ካሳውን ቀንስበት።»

«ይሄ ‹ትክክለኛ አእምሮ ያለው ሰው› የሚሉት
ሰፈሩ የት ነው?» አለ ሙዘይን፣ «ኮቺ ነው ወይስ መንደራ ቤት
የተከራየው? አንድ ቀን እንኳ አላየሁት።»
ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

አልነገርኳቸውም።
ለ አባቴ እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም።

ሂርማታ፣ መጋዘን ደጅ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣
ኩንታል ጫንቃው ላይ አለ፤ ፊቱን ከልሎበት፤
መኪናው ሊነሳ ነው፤ ሾፌሩ ይጮኻል፤
ከዚያ በኋላ ያለውን እሱ እንዲህ ይላል፦
«እንደ ደረቅ ሸንኮራ ቀጭ ሲል ሰማሁት፣
የሰው አጥንት መስሎኝ፣ የኔ አልመሰለኝም።»

የመጋዘኑ ጸሐፊ ወረቀት ይዞ ሆስፒታል መጣ፤
አባቴ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለና አወጣ
አውራ ጣቱን፤ ቀለም ነካ፤ ፈረመ።
አራት ሺህ ብር ተቆጥሮ ነገሩ ባለበት ቆመ።
ለሀ የሚከራከር፣ ለሀ የሚናገር
ማን አስፈለገና? አባቴ ነበር
የሀ ጠበቃ።

እኔም ጻፍኩ። ምን ላድርግ? ጣቴ አልተንቀጠቀጠም፤
እጄ እንደዛሬ ማታ ከቶም አልፈጠነም።
«ትክክለኛ አእምሮ ያለው ሰው ኩንታሉን ዝቅ አድርጎ
ያልፋል፣ የሚረግጠውን በዓይኑ ፈልጎ።
ለ ግን ቸኮለ። ክረምት መሆኑን ያውቃል፤
ጉድጓዱን ትናንትም በዚያው መንገድ አይቶታል።»
ሁለት ገጽ ሞላ። አንዲት ስርዝ የለውም።

ሙዘይን አረመልኝ፤ ከአሥራ አምስት
አሥራ ሦስት ሰጠኝ፤ ዳሩ ላይ ጽፎበት፦
«ክርክርህ ድንቅ ነው። ሁለት የጎደለው፣
ኩንታሉ ከየት ነው፣ ጥያቄው ላይ የሌለው?»
ወረቀቱን አጠፍኩት፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ።

ሊነጋ ሲል ወጣሁ፣ ልብስ ልቀይር ብዬ፣
በሂርማታ በኩል፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ።
ጉድጓዱ አለ። ክዳን የለውም ዛሬም፤
ሦስት ክረምት ጠጥቶ አልሞላም፣ አልጠበበም።
ግን የሆነ ሰው፣ ማንም ሳያዘው፣
የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አፉ ላይ ሰክቶ ነው የሄደው።
ቅጠሉ እርጥብ ነው፤ የዝናቡ ብቻ አይደለም፣
የተቆረጠው በኩል ነጭ ነው፤ ገና አልጠቆረም።
ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል፣ በኩንታል ሲባጎ የታሰረ።
ቋጠሮውን የማውቀው መሰለኝ።
ጎንበስ ብዬ አየሁት። ባጃጅ ጡሩንባ ነፋብኝ፤
ዞር አልኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል። ወረቀት ታደለ።
ፈትያ ከፊቴ፤ አስተማሪው ሰዓቱን እያየ።
ጥያቄውን አልገለጥኩም። አናቱ ላይ ስም ይላል።
ሻፊ ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ጥቂት ቆምኩ።
የአባት ስም ይላል ቀጥሎ።
አባቢያ ብዬ፣ ሳልቸኩል፣ አጉልቼ ጻፍኩ።